የገጠር የታሪክ ማኅበር ሥራ ከመዝገቡ ይጀምራል

ውድ ታዳሚዎች፣

በአንዲት አነስተኛ የገጠር ማኅበረሰብ ውስጥ የታሪክ ማኅበር ለማቋቋም የተሰባሰቡ ሰዎች በመጀመሪያው ስብሰባ የሚያነሡት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ዕቃውን የት እናስቀምጠው?» የሚል ነው። ቤት ይፈለጋል፣ መደርደሪያ ይሠራል፣ በሩ ላይ ጽሑፍ ይሰቀላል። ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ ይጨናነቃል። ያን ጊዜ አንድ ተማሪ መጥቶ «እዚህ ፎቶ ላይ ያሉት እነማን ናቸው? ማንስ ሰጣችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት ይጠፋል፤ የሚያውቀው ሰው ወይ አካባቢውን ለቋል፣ ወይ ዐርፏል። ማኅበሩ ከቤትና ከመደርደሪያ በፊት መዝገብ ያስፈልገዋል። ዕቃው የማን እንደነበረ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንዳገለገለ ካልተጻፈ የተሰበሰበው አሮጌ ዕቃ ብቻ ነው።

ትልልቅ ቤተ መዛግብት የመንግሥትን ደብዳቤና የታወቁ ሰዎችን ወረቀት ይጠብቃሉ። የመንደሩ የውኃ ተጠቃሚዎች ቃለ ጉባኤ፣ የትምህርት ቤቱ የስም መዝገብ፣ የባለሱቁ የዱቤ ደብተር፣ የአዋላጇ ማስታወሻ፣ የየማሳው ስም ግን እዚያ አይደርስም። እነዚህን ፈልጎ ከሩቅ የሚመጣ የለም። የገጠር ማኅበር ካላነሣቸው ሌላ የሚያነሣቸው ስለሌለ፣ ያለውን ጥቂት ጉልበት እነርሱ ላይ ማዋል አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሰነድ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የስብስብ ወሰን ነው። የትኛውን አካባቢ እንደሚሸፍን (ወንዞቹንና ተራሮቹን በስም ጠርቶ)፣ ከየትኛው ዘመን እስከ የትኛው፣ ምን ዓይነት ነገር እንደሚቀበልና ምን እንደማይቀበል ይጻፋል። ያለዚህ ገጽ «አይሆንም» ማለት አይቻልም፤ ጎረቤት ለጎረቤት እምቢ ሲል ቅሬታ ይፈጠራልና። ወሰኑ ሲኖር እምቢ የሚለው ደንቡ እንጂ ሰውየው አይሆንም። አሥር ተመሳሳይ የከሰል ካውያዎች ተደርድረው የማን እንደሆኑ የማይታወቅበት ክፍል የሚፈጠረው የመጣውን ሁሉ ከመቀበል ነው። ዕቃው ከወሰኑ ውጭ ከሆነ፣ ወይም የሱ ዓይነት ካለ፣ ፎቶውን አንሥቶ፣ የባለቤቱን ታሪክ መዝግቦ ዕቃውን ለቤተሰቡ መመለስ ይቻላል። ብዙ ጊዜ ይህ ከመቀበል ይሻላል፤ ዕቃው በሚወዱት ሰዎች እጅ ይቆያል፣ መረጃውም አይጠፋም።

ወደ ርክክቡ እንምጣ። ዕቃ በቃል ብቻ አይወሰድም። ሰው ዕቃ ይዞ በመጣበት ቀን የሚሰጠው ጊዜያዊ ደረሰኝ ሲሆን፣ «ለማየት ተቀብለናል» ከማለት አያልፍም። የማኅበሩ ኮሚቴ ዕቃውን ለመቀበል ሲወስን የስጦታ ውል ይፈረማል። በውሉ ውስጥ የሰጪው ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የዕቃው ዝርዝር፣ ሰጪው ዕቃው የራሱ ስለመሆኑ የሰጠው ማረጋገጫ፣ ባለቤትነቱ ያለ ቅድመ ሁኔታ ወደ ማኅበሩ መተላለፉ፣ ፎቶ ወይም ጽሑፍ ከሆነ የማባዛትና የማሳተም ፈቃድ፣ እንዲሁም ማኅበሩ ወደፊት ዕቃውን ሊያስወግድ ቢፈልግ ምን እንደሚያደርግ መኖር አለበት። በሁለት ቅጂ ይፈረማል፤ አንዱ ለሰጪው ነው። «ለዘለቄታው አውሰናችኋል» የሚል ስጦታ አትቀበሉ። አዋሹ ሲያልፍ ወራሾች ይመጣሉ፤ አንዱ ይመለስ ይላል፣ ሌላው ይቆይ ይላል፣ ማኅበሩም የቤተሰብ ክርክር ውስጥ ይገባል። ለዐውደ ርእይ መዋስ ካስፈለገ የመመለሻው ቀን በውሰት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ቁጥር አሰጣጡ ቀላል ነው፣ ሦስት ክፍል አለው። 2017.4.12 የሚል ቁጥር በ2017 ከመጣው አራተኛ ስጦታ ውስጥ አሥራ ሁለተኛው ዕቃ ማለት ነው። ከአንድ በላይ የዘመን አቆጣጠር በሚሠራበት አካባቢ የትኛው እንደተመረጠ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፋል፤ ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት የሚፈጥረው ግርግር ከዓመታት በኋላ አይፈታም። ቁጥሩ ውስጥ ሌላ መረጃ አትጨምሩ። የዕቃውን ዓይነት ወይም የመደርደሪያውን ስም በፊደል የሚያስገቡ አሉ፤ ዕቃው ቦታ ሲቀይር ቁጥሩ ውሸት ይሆናል።

መዝገቡ ገጾቹ የተሰፉና ቁጥር የተሰጣቸው ጠንካራ ደብተር ይሁን። ተገንጣይ ወረቀት አይሆንም። ውኃ በማያስለቅቀው ቀለም ይጻፋል፤ ስሕተት ሲኖር በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ አጠገቡ ተስተካክሎ፣ የአራሚው ፊርማና ቀን ይቀመጣል። አይፋቅም፣ በነጭ ቀለም አይሸፈንም። የተወገደ ዕቃ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም። በኮምፒዩተር የሚያዘው ሠንጠረዥ ለፍለጋ ይጠቅማል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሳያስበው አንዱን ዓምድ ለብቻው በፊደል ቅደም ተከተል ቢደረድረው ስሙና ዕቃው ይለያያሉ፤ ሳይታይ ተቀምጦ ከቆየ ደግሞ መመለሻ የለውም። ደብተሩ ዋና፣ ሠንጠረዡ አጋዥ ነው። የደብተሩ ገጾች በየጊዜው ፎቶ ተነሥተው በሌላ ቤት ይቀመጣሉ።

ቁጥሩን ዕቃው ላይ መጻፍ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ ቢሆን መልካም ነው፣ በጀርባው ጠርዝ ላይ፣ በጠንካራ ነገር ላይ አሳርፎ፣ ሳይጫኑ ይጻፋል። ፎቶ ላይም እንዲሁ። ጀርባው በፕላስቲክ የተለበጠ አዲስ ፎቶ እርሳስ ስለማይቀበል ፖስታው ላይ ተጽፎ ፎቶው በኋላ ይገባበታል። እስክሪብቶ የተባለ ነገር ከፎቶ ጀርባ መራቅ አለበት፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል፣ የብዕሩ ጫና ደግሞ ፊቱ ላይ ጉብታ ያወጣል። ሸክላ፣ ብረትና እንጨት ላይ ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለው ግልጽ ሙጫ አሴቶን በተባለ ማሟሟያ ፈሳሽ ውስጥ 20 በመቶ ያህል ተሟሙቶ በማይታይ ቦታ በስሱ ይቀባል። ሲደርቅ ቁጥሩ በቀጭን ብዕር ይጻፋል፣ ላዩ ላይ እንደገና ይቀባል። በአሴቶን ስለሚለቅ ዕቃው አይጎዳም። አሴቶን ግን ፕላስቲክንና ብዙ ቫርኒሽን ያሟሟልና እነዚያ ላይ አይሞከርም፤ ሥራውም መስኮት ተከፍቶ ከእሳት ርቆ ይሁን። ልብስ ላይ ቁጥሩ በጥጥ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ በጥቂት ክር ይሰፋል፤ ቅርጫትና ስፌት ላይ በጥጥ ክር የታሰረ የወረቀት መለያ ይበቃል። ሙጫ ያለው ስቲከርና ስኮች ዕቃ ላይ አይለጠፍም፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል፣ ሲላጥም ቆዳውን ይዞ ይነሣል።

ማከማቻን በተመለከተ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለም። ከጣሪያው ሥር ያለው ቆጥ ይግላል፣ ምድር ቤቱ ይረጥባል፤ ሁለቱም አይሆኑም። ከውጭው ግድግዳ የራቀ፣ ከላዩ የውኃ ቧንቧ የማያልፍበት፣ መስኮቱ ትንሽ የሆነ ክፍል ይመረጥ። የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ከግድግዳውም ትንሽ ይራቅ፤ አየር እንዲዞር፣ ምስጥም ሲወጣ እንዲታይ። አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ይገዛና ንባቡ በየሳምንቱ ይጻፋል። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይነሣል፤ ከ35 እስከ 55 በመቶ ባለው ውስጥ ቢሆን ለአብዛኛው ዕቃ ይስማማል። ከቁጥሩ ይልቅ መዋዠቁ ይጎዳል፤ ቀን ደርቆ ሌሊት የሚረጥብ ክፍል ውስጥ እንጨት ይሰነጠቃል፣ ፎቶ ይጠቀለላል።

ሰነዶች ወደ ሣጥን ከመግባታቸው በፊት ዝገት የሚያመጡ አግራፍና ስፒሎች፣ ላስቲኮችም ይወገዳሉ። የፎቶ ማቀፊያ ፕላስቲክ ከሆነ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን፤ ፒቪሲ የተባለው ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ፎቶው ላይ ይጣበቃል። ከሁሉ የከፋው ላሚኔት ማድረግ፣ ማለትም ወረቀቱን በሙቀት በፕላስቲክ መለበጥ ነው። ለመጠበቅ ተብሎ በቅንነት ይደረጋል፤ ሙቀቱና ሙጫው ግን ከወረቀቱ ጋር ስለሚዋሐዱ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ይህን ለትምህርት ቤቱና ለጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ደጋግሞ መንገር የማኅበሩ ሥራ ነው።

አዲስ የመጣ ልብስ ወይም የእንጨት ዕቃ ከሌሎቹ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይቆይ። ብል ወይም ነቀዝ የተገኘበት ልብስ፣ ደብተር ወይም ቅርጫት በፕላስቲክ ታሽጎ በቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ፣ ለሁለት ሳምንት ይቀመጣል። ሲወጣ አንድ ሙሉ ቀን ሳይከፈት መቆየት አለበት፤ ቀድሞ ከተከፈተ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ዕቃው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። የመስተዋት ኔጋቲቭና የዘይት ቀለም ሥዕል ግን ወደ ማቀዝቀዣ አይገቡም። የጎርፍ ወይም የጣሪያ ፍሳሽ ያረጠበው ወረቀት ጊዜ አይሰጥም፤ በሞቃት ቦታ በ48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታ ይጀምራል። ጥቂት ከሆነ በጥላ፣ በነፋስ፣ ገጽ በገጽ ይደርቃል። ብዙ ከሆነ ያልደረሳችሁበትን አሽጋችሁ አቀዝቅዙት፤ ከዚያ በኋላ በየተራ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ማስጣት አንሶላውን ያጣምመዋል፣ ቀለሙንም ያጠፋዋል። የሆምጣጤ ሽታ ያለው ፊልም መበላሸት የጀመረ አሴቴት የተባለ የፊልም ዓይነት ስለሆነ ከሌሎቹ ተለይቶ ቅጂው በፍጥነት ይነሣ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ ፊልም ደግሞ ናይትሬት የተባለው በቀላሉ የሚነድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ቢጫ ከሆነና ከተጣበቀ ቤት ውስጥ አታኑሩት፣ የእሳት አደጋ ባለሙያ ጠይቁ።

አሁን ለገጠር ማኅበር ከሁሉ ወደሚበልጠው ወደ ቃል ታሪክ፣ ሰዎች የሚያስታውሱትን ሲተርኩ በድምፅ ወደ መቅዳት እንሻገር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደተናገረው ካልተጻፈ ግን የተቀዳውም አይወረስም። ስለዚህ ቅጂ ሲጀመር ጠያቂው ድምፁን አሰምቶ የተራኪውን ስም፣ የራሱን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ይናገራል። ወረቀቱ ቢጠፋ ድምፁ ራሱ ይመሰክራል።

መቅጃው ስልክም ቢሆን ይሆናል፤ በተቻለ መጠን ግን ድምፁን ሳያሳንስ በሚይዘው በዌቭ ፋይል፣ በመቅጃው የጥራት ማስተካከያ 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ተመርጦ ይቀዳ። ይህ በሁለት ድምፅ መስመር አንድ ጊጋባይት ያህል በሰዓት ይወስዳልና ቦታ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ማይክሮፎኑ ከአፍ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ። ባዶ ግድግዳ ያለው ቤት ያስተጋባል፤ መጋረጃና ምንጣፍ ያለበት ይሻላል። ሁለት ደቂቃ ቀድታችሁ በጆሮ ማዳመጫ ሳትሰሙ ወደ ጥያቄ አትግቡ። የጠረጴዛ መንቀጥቀጥ፣ የነፋስ ድምፅ፣ የማቀዝቀዣ ጩኸት ያለ ማዳመጫ አይታወቅም፤ በኋላ ግን ቃሉን ይሸፍነዋል።

አንድ ቅጂ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አረጋውያን ይደክማሉ፣ የድካም መልስም አጭር ነው። «ድርቁ ከባድ ነበር?» ብሎ የጠየቀ «አዎን» ብቻ ያገኛል። «በዚያ ዓመት ቤታችሁ ውስጥ ቀኑ እንዴት ይውል ነበር?» ያለ ግን ብዙ ይሰማል። ዝምታ ሲመጣ ጠያቂው አይቸኩል፤ ተራኪው እያስታወሰ ነው። ሽማግሌዎችን በቡድን ማስቀመጥ ደስ ቢልም ድምፆቹ ይደራረባሉ፤ ትልቁ ሲናገር ሌላው በአክብሮት ዝም ይላል፣ ሴቶችም የሚያውቁትን ሳይናገሩ ይቀራሉ። ቡድኑን ለመነሻ ያዙት፣ ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው ቅዱ።

ዘመን አወሳሰን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ዓመተ ምሕረት አይጠቅስም፤ «ድልድዩ የፈረሰ ዓመት»፣ «ታላቋ ልጄ ጡት ስትጥል» ይላል። አታርሙት፤ እንዳለ ይመዝገብ። በጎን ግን የአካባቢው የዘመን ሠንጠረዥ ይዘጋጃል፤ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት፣ መንገዱ የገባበት፣ ጎርፉ የመጣበት ዓመት በሰነድ ከተረጋገጠ በኋላ ይሰፍርበታል። ተራኪው የጠቀሰው ነገር ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ዘመኑ በሁለት ሦስት ዓመት ልዩነት ውስጥ ይገኛል። ተራኪውና ሰነዱ ሲለያዩ ሁለቱንም ጻፉ። የትኛው ትክክል እንደሆነ መፍረድ ለሚያጠናው ይቆየው።

ቅጂውን ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ለአንድ ሰዓት ድምፅ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሁሉንም እንገለብጣለን ብሎ የጀመረ ማኅበር ሥራው ይከመርበታል። መጀመሪያ በየአምስት ደቂቃው ስለምን እንደተወራ ሁለት ሁለት መስመር የሚጻፍበት ማውጫ ይዘጋጅ፤ የሰውና የቦታ ስሞች አጻጻፍ ተራኪው ባለበት ይረጋገጥ። ሙሉ ግልባጭ ለተመረጡት ብቻ ይሁን። ፈቃዱ የሚፈረመው ከቅጂው በኋላ ነው፤ ተራኪው ምን እንደተናገረ ሲያውቅ። «ይህ ክፍል በሕይወት እያለሁ አይሰማ» ካለ በፈቃዱ ላይ ይጻፋል፣ ይከበራልም። በሕይወት ስላለ ሌላ ሰው ስም የሚያጠፋ ነገር ከተነገረ ኮሚቴው ያንን ክፍል ይዘጋዋል።

ከቃል ታሪክ ጋር የቦታ ስም ካርታ ይሂድ። የሳተላይት ምስል በትልቅ ወረቀት ታትሞ ነዋሪው ይዞት መሬቱን ይዞራል፤ ማሳው፣ ምንጩ፣ ማሻገሪያው፣ ዋሻው በቁጥር ይለያል። ለእያንዳንዱ ስሙ እንደሚነገረው፣ ሰዎች የሚሰጡት ምክንያት፣ የተናገረው ሰው ስም ይጻፋል። የስልክ ጂፒኤስ ሰማይ ክፍት በሆነበት በአምስት ሜትር ገደማ ልክ ይሆናል፤ በገደልና በዛፍ ሥር ግን ይስታልና ነጥቡን ካርታው ላይም ምልክት አድርጉ። ወንዙን ከወዲህ ያሉት አንድ ስም፣ ከወዲያ ያሉት ሌላ ስም ሊሉት ይችላሉ። ሁለቱም ይግቡ። ማሳ ሲቀላቀል፣ ምንጭ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ስሙ ስለሆነ ይህን ሥራ ከማንኛውም ዐውደ ርእይ አስቀድማችሁ ብትሠሩት እመክራለሁ።

ፎቶዎች የማኅበረሰቡ ፍቅር የሚታይባቸው ናቸው። ቤተሰብ ዋናውን መስጠት ስለማይፈልግ «ቃኝቶ መመለስ» ይሻላል። ስካነሩ በ600 ዲፒአይ (የምስሉ የጥራት መጠን)፣ ምስሉን ሳያሳንስ በሚይዘው በቲፍ ፋይል ይቃኝ፤ ከጉርድ ፎቶ ያነሰ ከሆነ 1200 ይሁን። ጀርባውም ይቃኛል፤ ጽሑፍና የፎቶ ቤት ማኅተም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከዚያ ቅጂዎቹ በትልቁ ታትመው ሰው በሚሰበሰብበት ቀን ይዘረጋሉ። የሰዎቹ ጭንቅላት ቅርጽ በስስ ወረቀት ላይ ተነድፎ ቁጥር ይሰጠዋል። ተራ ቁጥሩ፣ የሚታወቀው ሰው ስም፣ ማን እንደለየው፣ «እርግጠኛ» ወይም «ይመስለኛል» የሚለው አብሮ ይጻፋል። «ከግራ ሁለተኛው» ተብሎ ብቻ የተጻፈ መግለጫ ከረድፉ አንዱ ሰው ጎንበስ ባለ ጊዜ ይፈርሳል።

የዲጂታል ፋይል ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከማኅበሩ ቤት ውጭ። ሃሳቡ አዲስ አይደለም። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1791 ሰነድ ሰብሳቢ ለነበረው ለኤቤኔዘር ሃዛርድ በጻፈው ደብዳቤ፣ የተረፈውን ሰነድ ማዳን ያለብን ከሕዝብ ዓይን በሚሰውር ካዝናና ቁልፍ ሳይሆን አደጋ እንዳይደርስበት ቅጂውን በማብዛት ነው ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት በቦስተን የተመሠረተው የማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበርም በቀጣዩ ዓመት ሰነዶችን ማሳተም ጀመረ። በዓመት አንድ ቀን ተወስኖ ከየማስቀመጫው ጥቂት ፋይሎች ይከፈቱ፤ መሣቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ ሳይነካ ይበላሻል። ወደ ዲጂታል ፋይል ከሚገለበጡት ሁሉ የካሴት ክሮች ይቅደሙ፤ ማጫወቻው ከገበያ እየጠፋ ነው።

ማኅበሩ ለሕዝቡ የሚሰጠው አገልግሎት በአብዛኛው ጥያቄ መመለስ ነው። በየሳምንቱ በአንድ የታወቀ ቀን ሁለት ሰዓት መክፈት «ስትፈልጉ ደውሉ» ከማለት ይበልጣል፤ የገጠር ሰው በገበያ ቀኑ ካገኛችሁ ይመጣል፣ ካላገኛችሁ አይመለስም። የመጣ ጥያቄና የተሰጠው መልስ በደብተር ይያዝ። ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ማኅበሩ ቀጥሎ ምን መሰብሰብ እንዳለበት ያመለክታል። የመሬትና የውርስ ክርክር ያለባቸው ሰዎችም ይመጣሉ። ማኅበሩ ያለውን ሰነድ ለሁለቱም ወገን በእኩል ያሳያል፣ ከየትና መቼ እንዳገኘው በጽሑፍ ይገልጻል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። የሰነዱን ትርጉም ለአንዱ ወገን ካስረዳ በኋላ ሌላው ወገን ለትውልድ አንዲት ወረቀት አይሰጠውም።

አነስተኛ ማኅበር የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ሁሉን ነገር የሚያውቀው አንድ ሰው ሲታመም ነው። ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ይሁን፣ የኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ፣ ገንዘብ በሁለት ፊርማ ይውጣ። መተዳደሪያ ደንቡ ማኅበሩ ቢፈርስ ስብስቡ ለየትኛው ቤተ መጻሕፍት፣ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መዛግብት እንደሚተላለፍ በስም ይጥቀስ። ስሙን መጥቀስ ብቻ አይበቃም፤ ተቋሙ አስቀድሞ ተጠይቆ በጽሑፍ መስማማት አለበት፣ ምክንያቱም ያልተስማማ ተቋም ሣጥኖቹን በር ላይ ሊመልሳቸው ይችላል። የስምምነት ደብዳቤው ከስጦታ ውሎቹ ጋር በአንድ ማህደር ይቀመጣል፤ የተቋሙ ኃላፊ በተለወጠ ቁጥርም ይታደሳል።